የደሴቲቱ በር አንድ ነው፤ መንገዱን ማወቅ መብትሽ ነው

ስለ መብት ስናወራ ደመወዝ እንላለን፣ የእረፍት ቀን እንላለን፣ ፓስፖርት እንላለን። ልክ ነው። እኔ ግን ዛሬ ማንም ከመብት የማይቆጥረውን አንድ ነገር ልጨምርበት፤ ኤርፖርት ውስጥ መንገድ ማወቅን። የት እንደምትሰለፊ፣ የትኛው በር ወደ ውጭ እንደሚያወጣሽ፣ የትኛው ደግሞ ወደ ሌላ አውሮፕላን እንደሚወስድሽ ማንም ሳይመራሽ ማወቅ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ሰው ካልመራት መንቀሳቀስ የማትችል ሴት፣ የሚመራት ሰው ወዳሰበበት ነው የምትሄደው።

እኔ ባሕሬን በሰው ቤት ሠርቻለሁ። በዚያች ደሴት ኤርፖርት ገብቼ ወጥቻለሁ፤ ከእኔ በኋላ የመጡና የሄዱ እህቶችንም በስልክ እየመራሁ አሳልፌያለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ስለማውቀው ቦታ ነው። በሌላ የአረብ አገር ያላችሁ እህቶችና ወንድሞችም ብዙው ነገር ይመለከታችኋል።

ለምን ደሴት ይለያል?

ባሕሬን ደሴት ናት፤ መላ አገሪቱ ወደ 800 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኤርፖርቱ ያለው ዋና ከተማዋ ማናማ ባለችበት ደሴት ላይ ሳይሆን፣ በድልድይ የምትገናኛት ሙሐረቅ የምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ነው። በመኪና ከአገር የሚያስወጣው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1986 የተከፈተውና ወደ ሳዑዲ የሚያሻግረው 25 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የንጉሥ ፋህድ ድልድይ ነው። የሳዑዲ ቪዛ ለሌላት የቤት ሠራተኛ ያ ድልድይ ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው። እንግዲህ ለእኛ የመግቢያውም የመውጫውም በር አንድ ሆነ ማለት ነው፤ ኤርፖርቱ። አንድ በር ብቻ ባለው ቤት ውስጥ የምትኖር ሰው ደግሞ በሩ በየት በኩል እንደሚከፈት ማወቅ አለባት።

ደጉ ነገር ይህ በር ትልቅ አይደለም። አሁን የምንጠቀምበት ተርሚናል ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 ሲሆን በዓመት 14 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ተደርጎ የተሠራ ነው። የዱባዩ ዋና ኤርፖርት በዓመት ከ80 ሚሊዮን በላይ ሰው ያልፍበታል። የእኛው ቦሌ እንኳ በ2019 ከተስፋፋ በኋላ አቅሙ 22 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ በቦሌ በኩል ያለፈች ሴት ለባሕሬን ኤርፖርት አዲስ አይደለችም።

«ታዲያ ትንሽ ከሆነ ማን ይጠፋበታል? ምን ያስጽፋል?» የሚል ይኖራል። ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ኤጀንሲዎች ናቸው፤ «ሰው ይቀበልሻል፣ አንቺ ዝም ብለሽ ተከተይ» ብለው ነው የሚሸኙን። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ችግሩ የሕንፃው ስፋት አይደለም። ችግሩ ሰዓቱን፣ ምልክቱንና የራሳችንን ወረቀት እንድናነብ አለመደረጋችን ነው። ይህ ከሌለ በአንድ አዳራሽ ውስጥም ይጠፋል።

ልንገራችሁ። መጀመሪያ ስወጣ አሥራ ሁለት ሴቶች ነበርን፤ ላኪው ኤጀንሲ አንድ ዓይነት ሻርፕ አስሮልን ነበር። በትራንዚት ኤርፖርት አንድ ጥግ ወለል ላይ አስቀመጡንና «እንዳትንቀሳቀሱ፣ ሰው መጥቶ ይወስዳችኋል» ተባልን። የሚወስደን ሰው አልመጣም። የምንሳፈርበት ጌት መቀየሩን ማንም አልነገረን። ከመካከላችን ቤይሩት ሠርታ የነበረች አንዲት እህት ተነሥታ ሰሌዳውን አየች፣ የፍላይት ቁጥሩን ከቦርዲንግ ፓሷ ጋር አስተያየች፣ «ተነሡ፣ እዚህ አይደለም» አለችን። ሮጠን ደረስን። አሥራ ሁለታችንን ያዳነው ሻርፑ አልነበረም፤ የአንዷ ማንበብ ነው።

መንገዱ ይህ ነው

ስትገቢ፦ ከአውሮፕላን ወርደሽ ኮሪደሩን ትከተያለሽ። መጀመሪያ የምታገኚው የፓስፖርት ቁጥጥር ነው፤ አረቦቹ ጀዋዛት ይሉታል። ፓስፖርትና ቪዛ ታሳያለሽ፣ አሻራና ፎቶ ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ቀጥሎ ሻንጣ የሚዞርበት ቀበቶ ጋ ትደርሻለሽ፤ ሰሌዳው ላይ የፍላይትሽን ቁጥር ፈልጊ። ከዚያ ጉምሩክ ነው። ከጉምሩክ በኋላ በሩ ተከፍቶ ሰው የሚጠብቅበት አዳራሽ ትወጫለሽ። ፓስፖርት፣ ሻንጣ፣ ጉምሩክ፣ አዳራሽ፤ ቅደም ተከተሉ በየትም አገር ያው ነው ማለት ይቻላል።

ስትወጪ፦ መጀመሪያ ቼክ ኢን ነው። ፓስፖርትና ቲኬት ሰጥተሽ ሻንጣ ታስመዝኛለሽ፤ ቦርዲንግ ፓስና የሻንጣ ቁራጭ ወረቀት ይሰጡሻል። ያችን ቁራጭ እንዳትጥያት፤ ሻንጣ ቢጠፋ ማስረጃሽ እሷ ናት። ቀጥሎ የፓስፖርት ቁጥጥር፣ የእጅ ዕቃ ፍተሻ፣ መጨረሻ ጌት። ጌቱ ብዙ ጊዜ አውሮፕላኑ ከመነሣቱ 15 ወይም 20 ደቂቃ በፊት ይዘጋል፤ ቼክ ኢን ደግሞ ከአንድ ሰዓት በፊት ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ሦስት ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ።

ትራንዚት ከሆንሽ፦ ሕዝቡ ወደሚሄድበት አትሂጂ። አብዛኛው ሰው ወደ መውጫው ነው የሚያመራው፤ አንቺ ትራንስፈር ወይም ትራንዚት የሚለውን ምልክት ነው የምትከተይው። በስህተት በፓስፖርት ቁጥጥር አልፈሽ ለመውጣት ብትሞክሪ ለዚያ አገር ቪዛ ስለሌለሽ ያስቆሙሻል፤ ጊዜ ይባክናል፣ ድንጋጤም ያመጣል።

እንግሊዝኛም አረብኛም የማታነቢ ከሆነ ሥዕሎቹን እይ። አፍንጫው ወደ ላይ የቀና አውሮፕላን መነሻ ነው። አፍንጫው ወደ ታች ያዘነበለ መድረሻ ነው። ሻንጣ ያለበት የሻንጣ መቀበያ ነው። የጥያቄ ምልክት ወይም ነጥብ ያለባት የእንግሊዝኛዋ «አይ» ፊደል ካየሽ መረጃ መጠየቂያ ነው። አረብ ቤት የቆየሽ ከሆነ ደግሞ ጆሮሽን ተጠቀሚ፤ «ሙጋደራ» መነሻ፣ «ውሱል» መድረሻ፣ «በዋባ» ጌት ማለት ነው። መጠየቅ ነውር አይደለም። ስትጠይቂ ቦርዲንግ ፓሱን አሳይተሽ ጣትሽን ጌቱ ላይ አድርጊ፤ ቋንቋ ባይኖርሽም ይገባቸዋል።

ሰዓቱን ቀይሪው

እኔ ካየኋቸው ፍላይት ካመለጣቸው እህቶች አብዛኞቹ መንገድ አልጠፋባቸውም፤ ሰዓት ነው የተምታታባቸው። ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው፤ እኛ ደግሞ በልባችን የምንቆጥረው በሐበሻ ሰዓት ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከ00:00 እስከ 06:59 ከሆነ 6 ጨምሪበት፤ 02:30 ማለት ከሌሊቱ 8:30 ነው። ከ07:00 እስከ 18:59 ከሆነ 6 ቀንሽለት፤ 13:15 ማለት ከቀኑ 7:15 ነው። ከ19:00 በኋላ ከሆነ 18 ቀንሽለት፤ 20:40 ማለት ከምሽቱ 2:40 ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ቀኑ ነው። ፈረንጅ ቀን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ቲኬትሽ «ሐሙስ 02:30» ካለ ለሐሙስ አጥቢያ ማለት ነው፤ ከቤት የምትወጪው ረቡዕ ማታ ነው። ሐሙስ ቀን ሻንጣ የምታስተካክል ሴት አውሮፕላኗ ሄዶ ያድራል። ቀኑና ወሩም የፈረንጅ መሆኑን አትርሺ።

ባሕሬንና ኢትዮጵያ ሰዓታቸው እኩል ነው። በዱባይ በኩል የምታልፊ ከሆነ ግን ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ በትራንዚት ላይ የስልክሽን ሰዓት ሳይሆን የኤርፖርቱን ሰዓት እይ።

ወረቀትሽ በማን እጅ ነው?

የእኔን ፓስፖርት የመጀመሪያ ቀን ወኪሉ እስከ ፍተሻው በር ድረስ በኪሱ ይዞት ነበር። «ትጥይዋለሽ ብዬ ነው» አለኝ። ሲመስለኝ አሁንም ብዙዎቻችሁ እንዲሁ ትሸኛላችሁ። የስምንት ሰው ቤት የምታስተዳድር፣ የሕፃኑን መድኃኒት በሰዓቱ የምትሰጥ፣ የማዳምን ወርቅ የምትጠብቅ ሴት የራሷን ፓስፖርት ትጥላለች የሚል ሰው ያሰበው ለእኔ አይመስለኝም።

በባሕሬን አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት መያዙ ሕገ ወጥ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189ም በአንቀጽ 9 የጉዞና የመታወቂያ ሰነድ በራሷ በሠራተኛዋ እጅ እንዲሆን ይላል። የእኛው አገር የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ደግሞ የደርሶ መልስ የትራንስፖርት ወጪ የአሠሪው እንደሆነ ይደነግጋል። ይህን የምነግርሽ «የመመለሻ ቲኬት ከደመወዝሽ ይቆረጣል» ሲሉሽ ዝም እንዳትይ ነው።

ስለዚህ ከመጓዝሽ በፊት ይህን አድርጊ። የፓስፖርት፣ የቪዛ፣ የኮንትራትና የቲኬት ፎቶ አንሥተሽ ለምታምኛት ሰው ላኪ። የአሠሪሽን ሙሉ ስም፣ የኤጀንሲውን ስልክና የቤተሰብሽን ቁጥር በወረቀት ጻፊና ልብስሽ ውስጥ አድርጊው፤ ስልክ ሊወሰድብሽ ይችላል፣ ባትሪም ያልቃል። አዳራሹ ውስጥ የሚቀበልሽ ሰው ስሙ ኮንትራትሽ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን ጠይቂ። ካልገጠመ ከሰው መሃል ሳትወጪ ለኤጀንሲሽ ደውይ፤ መልስ ካጣሽ እዚያው ላለው ፖሊስ ንገሪ። መኪና ውስጥ ከገባሽ በኋላ ከመጠየቅ፣ ብርሃንና ሰው ባለበት አዳራሽ መጠየቅ ይሻላል።

ጤናሽም አብሮሽ ይጓዛል

የምትወስጂው መድኃኒት ካለ ሻንጣ ውስጥ አትክተቺው፤ ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል። ከነካርቶኑና ከሐኪም ወረቀቱ ጋር በእጅሽ ያዢው። በተለይ እንደ ትራማዶል ያሉ ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻዎችና የእንቅልፍ መድኃኒቶች በባሕረ ሰላጤው አገሮች ጥብቅ ቁጥጥር አለባቸው፤ ያለ ሐኪም ማዘዣ መያዝ እስር ሊያመጣ ይችላል። ሽሮና በርበሬሽን ሻንጣ ውስጥ አድርጊ፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽ በእጅ ይዞ በፍተሻ ማለፍ አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ባዶ የውኃ ጠርሙስ ግን ይዘሽ ብታልፊ ከፍተሻ በኋላ ትሞይዋለሽ። ሞዴስና አንድ ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳሽ ይኑር።

«ይህችን ለእህቴ አድርሺልኝ» የሚል ሰው ይመጣል። ያላየሽውን፣ ራስሽ ያላሸግሽውን ዕቃ አትቀበይ። ጫት በባሕሬንም በሳዑዲም የተከለከለ ነው። ፍተሻው ላይ የሚጠየቀው የሻንጣው ባለቤት ነው፤ ላኪዋ አይደለችም።

ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ በተለይ 28 ሳምንት ካለፈሽ፣ አብዛኞቹ አየር መንገዶች የሐኪም ወረቀት ይጠይቃሉ። መራመድ የሚያቅትሽ ወይም ታመሽ የምትመለሺ ከሆነ ዊልቸር በነጻ ይሰጣል፤ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ለአየር መንገዱ ማስነገር ነው። ዊልቸር የምትገፋው ሠራተኛ መንገዱንም ስለምታውቅ፣ አእምሮዋ ለተረበሸ ወይም በጣም ለደከመች እህት ትልቅ እፎይታ ነው። ይህን መጠየቅ ልመና አይደለም።

ኤርፖርት የመጨረሻ ቦታ ነው

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ደመወዝሽ ሳይከፈል፣ ወይም ተደብድበሽ «ኤርፖርት ስደርስ እናገራለሁ» ብለሽ አትጠብቂ። ጌቱ ጋ የቆመው ሠራተኛ ስለ አምስት ወር ደመወዝሽ ምንም ሊያደርግልሽ አይችልም። አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ገንዘቡን ማስመለስ እጅግ ይከብዳል። መኪና ውስጥ ወይም ተርሚናሉ በር ላይ በአረብኛ የተጻፈ ወረቀት «ፈርሚ፣ ፍላይትሽ ይሄዳል» ካሉሽ ተጠንቀቂ፤ ብዙ ጊዜ «ሒሳቤን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ» የሚል ነው። ሳታነቢና ገንዘቡን ሳትቆጥሪ አትፈርሚ። ፈርመሽ ከሆነም ፎቶውን ያዢ።

ባሕሬን ውስጥ ካለሽ ቀድመሽ ወደ 995 ደውይ። የሥራ ገበያ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን፣ ብዙዎች ኤል ኤም አር ኤ የሚሉት መሥሪያ ቤት፣ የስልክ መስመር ነው፤ 24 ሰዓት ይሠራል። ሰህላ በሚባለው ሰፈር መጠለያ ያለው የውጭ አገር ሠራተኞች ጥበቃ ማዕከልም አለው። ሕይወትሽ አደጋ ላይ ከሆነ 999 ፖሊስና አምቡላንስ ነው። አሠሪሽ ጠፍታለች ብሎ አመልክቶብሽ ወይም ክስ ተመሥርቶብሽ ከሆነ የጉዞ እገዳ ሊኖርብሽ ይችላል፤ ይህንንም ጀዋዛት ጋ ቆመሽ ከምትሰሚው ቲኬት ከመቆረጡ በፊት አስጣሪው።

የምጠይቀው

ከመሄዳችን በፊት በሚሰጠን ሥልጠና ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ስለ መጥረጊያ፣ ስለ ሕፃን አያያዝ ያስተምሩናል። ጥሩ ነው። ግን ይህ ሁሉ ለማዳም የሚጠቅም እውቀት ነው። ለራሳችን የሚጠቅመው ግማሽ ቀን የታለ? አንድ እውነተኛ ቲኬት በእጃችን ሰጥተውን «ይህ ሰዓት በሐበሻ ስንት ነው? ጌትሽ የቱ ነው? የት ትወርጃለሽ?» ብለው ይጠይቁን። የደረሰችበት አገር ተርሚናል ሥዕል በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ በአንድ ገጽ ይታተም። ትንሽ ኤርፖርት እኮ በአንድ ገጽ ያልቃል፤ ትንሽነቱ ሰበብ መሆኑ ቀርቶ ለዚህ ይጥቀም።

ኤጀንሲዎች ቲኬቱን ኤርፖርት በር ላይ ሳይሆን ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ይስጡን። አሠሪዎችም የመመለሻ ቲኬቱን ኮፒ እንዲሁ። ኤርፖርቶቹ ደግሞ በየሌሊቱ የሚያሳልፏቸው መንገደኞች ምን ቋንቋ እንደሚናገሩ ያውቃሉ፤ በአማርኛ አንድ ወረቀት መለጠፍ፣ አማርኛ የምትችል አንዲት ሠራተኛ በመረጃ ጠረጴዛው ማስቀመጥ ብዙ ወጪ የለውም።

እስከዚያው ድረስ እኛው ለእኛው እንሁን። መንገዱን የምታውቂ እህቴ፣ ስትጓዢ አንገቷን ደፍታ የተቀመጠች ሐበሻ ካየሽ «የት ነሽ? ፍላይትሽ ስንት ሰዓት ነው?» በያት። አንብበሽላት ብቻ አትለፊ፤ ሰሌዳው ላይ የራሷን ፍላይት ራሷ እንድታገኘው አሳያት። በሚቀጥለው ጉዞዋ ለሌላ ሰው የምታሳየው እሷ ትሆናለች።